ስንጥቁ ጉጡ ጋ ሲደርስ

በርጩማ ልገዛ ነበር የሄድኩት። ጅማ ተወልዶ አድጎ፣ ቤቱ ግን አንድ የጅማ በርጩማ የሌለው ሰው ቢፈለግ እኔ ሳልሆን አልቀርም። እህቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ስትመጣ መጀመሪያ የምትተቸው የፕላስቲክ ወንበሮቼን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሄርማታ ገበያ አለፍ ብሎ ወዳለ የአንድ እንጨት ጠራቢ ግቢ ጎራ አልኩ።

ሽማግሌው የዋንዛ ግንድ እየፈለጡ ነበር። ጫፉ ላይ ሽብልቅ ሰክተው በመዶሻ ይመቱታል። ይመቱና ቆም ብለው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። እንጨቱ ጢጥ ጢጥ ይላል። ስንጥቁ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ። አንድ ክንድ ያህል ከሄደ በኋላ ግን ድንገት ወደ ግራ ታጠፈ። ወዲያው ሌላ ቀጭን ስንጥቅ በቀኝ በኩል ብቅ አለች። በሁለቱ መሃል ጠቆር ያለ፣ ጡጫ የሚያህል ክብ ነገር ሳይነካ ቀረ።

«ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

«ጉጥ ነው። ድሮ ቅርንጫፍ የወጣበት። እሱ አይፈለጥም፣ ዞሮት ነው የሚያልፈው።»

«ጠንከር አድርገው ቢመቱትስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ብመታውም ያው ነው ልጄ። መዶሻው የኔ ነው፣ መንገዱ የእንጨቱ ነው።»

እሳቸው ይህን ሲሉ እኔ ቪክቶሪያ ሐይቅን አሰብኩ። በርጩማ ሊገዛ ሄዶ ስለ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚያስብ ሰው ጤነኛ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ምክንያት ነበረኝ።

በ2017 ዓ.ም. የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ስትንቀጠቀጥ የነበረበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። እህቴ አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። አንድ ሌሊት ደወለችልኝ። «መብራቱ እየተወዛወዘ ነው! እናንተ ጋ የለም?» እኔ ተኝቼ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም። ከተረጋጋች በኋላ እንደ ልማዷ መጠየቅ ጀመረች። ለምን ሁልጊዜ እዚያ? ለምን ከሻሸመኔ፣ ከአዋሽ፣ ከአፋር አይወጣም? ለምን ወደ እናንተ ዞር አይልም? ጥያቄው የክፋት ይመስላል እንጂ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ አልነበረኝም። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሴሚስተር ጂኦሎጂ ተምሬ ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል የተዛወርኩ ሰው ነኝ፤ የቀረኝ እዳ ነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተማርነው ቀላል ነበር። ፕሌት የሚባሉት የምድር ገጽ ግዙፍ ቁርጥራጮች ሁለቱ ሲጋጩ ተራራ፣ ሲለያዩ ስምጥ ሸለቆ። መምህራችን ሁለት ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ አጋጥመው ገፏቸው፣ መሃላቸው ተነሳ። «ይኸው ተራራ!» አጨበጨብን። ምሳሌው አይከፋም። ችግሩ ደብተር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አህጉር እንደዚያ አይደለም። አህጉር ማለት በተለያየ ዘመን የተሰፋ፣ አንዱ ቁራጭ አሮጌና ደረቅ፣ ሌላው ትኩስና ልል፣ ስፌቱ በየቦታው የላላ ድሪቶ ነው። ስትገፋው ሁሉም ቦታ እኩል አይነሳም። ስትጎትተውም ሁሉም ቦታ እኩል አይቀደድም።

ድንጋይ ጠንካራ ነው እንላለን። እስኪሞቅ ድረስ ነው። ሰም ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት በብርድ ብታጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። መዳፋችሁ ውስጥ አሙቃችሁ ብታጥፉት ይተጣጠፋል። ድንጋይም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የሙቀቱ መጠንና የሚፈጀው ጊዜ ነው። በተለመደ አህጉር ላይ ወደ ታች በወረድን ቁጥር በኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። ከላይ ያለው የቅርፊት ክፍል በአብዛኛው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን የበዛበት ነው። ኳርትዝ ደግሞ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሰበሩን ትቶ ቀስ ብሎ መፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት በታች ያለው ድንጋይ፣ ጠጣር ሆኖ እያለ፣ በሚሊዮን ዓመታት ሒሳብ እንደ ወፍራም ማር ነው። ከቅርፊቱ በታች ያለው ማንትል ኦሊቪን በሚባል ማዕድን የተሞላ ስለሆነ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ሙቀት ይችላል። ውሃ ከገባበት ሁሉም ይደክማል።

ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው የቱ ንብርብር ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም። አንዱ ወገን ከላይና ከታች ጠንካራ፣ መሃሉ ለስላሳ ነው ይላል፤ ስሙን «ጄሊ ሳንድዊች» ብለውታል። ሌላው ወገን ጥንካሬው ያለው ከላይ ብቻ ነው ይላል፤ እሱ ደግሞ «ክሬም ብሩሌ» ነው። ፈረንጅ ሲርበው ነው መሰለኝ ስም የሚያወጣው። እኛ ብንሆን የመጀመሪያውን የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ሁለተኛውን ከላይ ደርቆ ውስጡ ያልበሰለ ድፎ ዳቦ እንለው ነበር። የኔ ግምት ሁለቱም እንደየቦታው ልክ ናቸው የሚል ነው፤ አሮጌ ቀዝቃዛ አህጉር ሌላ፣ ትኩሱ ሌላ።

ይህ ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ከሁሉም በላይ የሚታየው እስያ ላይ ነው። የህንድ ፕሌት ከእስያ ጋር መጋጨት ከጀመረ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። አልቆመም። ዛሬም በዓመት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ይገፋል። በመምህራችን ደብተር ሕግ ቢሆን ኖሮ ድንበሩ ላይ አንድ ረጅም ተራራ ይቆምና ነገሩ ያበቃ ነበር። ድንበሩ ላይ በእርግጥ ሂማላያ አለ፤ ኤቨረስት ብቻውን 8,849 ሜትር ነው። ከጀርባው ግን ቲቤት አለ። አማካይ ከፍታው ወደ 5,000 ሜትር የሚጠጋ፣ ስፋቱ የኢትዮጵያን እጥፍ የሚበልጥ አምባ። ሥሩ ያለው ቅርፊት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፤ የተለመደው ከ35 እስከ 40 ነው።

ህንድ ራሷስ? እሷ እምብዛም አልተጨማደደችም። አሮጌና ቀዝቃዛ ስለሆነች ሳትኮማተር ከሂማላያ ሥር ትገባለች። የተራራውን ክብደት ተሸክማ እንደ ወፍራም ጣውላ በሰፊው ጎበጥ ብላለች። ያ የጎበጠው ቦታ ከተራራው በሚወርድ ደለል ሞልቶ ዛሬ የጋንጀስ ሜዳ ሆኗል። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የሚያርስበት ሜዳ የአንድ ግትር ፕሌት ጉብጠት ላይ ነው የተኛው።

አሁን ወደ ሰሜን እንለፍ። ከቲቤት ቀጥሎ ታሪም የሚባል ሰፊ ሞላላ ረባዳ አለ፤ የታክላማካን በረሃ ያለበት። ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቲቤት ሲታይ ጉድጓድ። መጀመሪያ ሳነብ ግፊቱ እዚያ ሳይደርስ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከታሪም ወዲያ፣ ከሂማላያ ግንባር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ቲየን ሻን የሚባሉ ተራሮች አሉ። ጫፋቸው ከ7,400 ሜትር ያልፋል፤ አሁንም እየተነሱ ነው። ግፊቱ ታሪምን አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ታሪም አሮጌና ጠንካራ ቁራጭ ስለሆነ ራሱ ሳይታጠፍ፣ የተቀበለውን ግፊት ወደ ኋላው ጎረቤት አሳለፈ። ጎረቤቱ ደካማ ነበር። ተራራው እሱ ላይ በቀለ።

ይህን ነገር ሳስብ አውቶቡስ ትዝ ይለኛል። መተላለፊያው ላይ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ከፊት አንዱ ሲገፋ፣ መሃል ላይ ብረቱን የጨበጠ ግዙፍ ሰውዬ ንቅንቅ አይልም። ከኋላው የቆመች ምስኪን ግን መስኮቱ ላይ ትለጠፋለች። ገፊውን አላየችውም።

በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። የሲቹዋን ረባዳ እንደ ታሪም ጠንካራ ነው። ቲቤት ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ እዚህ ቁራጭ ላይ ሲደርስ ግድግዳ ገጠመው። ስለዚህ አምባው በቀጥታ ይቆማል፤ ሎንግመን ሻን በሚባለው ተራራ ላይ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከፍታው በአራት ሺህ ሜትር ገደማ ይለያያል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ዩናን በኩል ግን እንዲህ ያለ እንቅፋት ስለሌለ አምባው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ቀስ እያለ ይዘቀዝቃል። እዚያው ግድግዳው ሥር ነው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 መጠኑ 7.9 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳው። ከ80,000 በላይ ሰው ሞተ ወይም ጠፋ። ጠንካራና ደካማ የሚገናኙበት ድንበር ጸጥ ያለ ቦታ አይደለም።

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አይቶ ማሰብ የተጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። ፒተር ሞልናር የተባለ አሜሪካዊና ፖል ታፖኒየ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1975 የእስያን ስንጥቆችና የመሬት መንቀጥቀጦች ከሳተላይት ፎቶ ጋር አዛምደው፣ ከህንድ ድንበር ሺዎች ኪሎ ሜትር የራቀው እንቅስቃሴ ሳይቀር የዚያው ግጭት ውጤት ነው ብለው ጻፉ። ከዚያ ታፖኒየና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያደረጉት ነገር ደስ ይለኛል። ልጆች የሚጫወቱበትን ፕላስቲሲን ወስደው፣ አንድ ጎኑን ነፃ ትተው፣ በጠንካራ ቁራጭ ገፉት። ፕላስቲሲኑ ወደ ነፃው ጎን እየተሰነጣጠቀ ሾለከ። የእስያ ካርታ የሚመስል ነገር ወጣ። በጭቃ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። እኛም አዌቱ ወንዝ ዳር ስንጫወት ተመሳሳይ ነገር ሠርተናል፤ ማንም አልጻፈልንም እንጂ።

ወደ ሽማግሌው ጉጥ ልመለስ። አፍሪካ ላይ ኃይሉ መጎተት ነው። ሕጉ ግን አይለወጥም።

ስምጥ ሸለቋችን ከአፋር ተነስቶ፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ ወደ ቱርካና ይወርዳል። ታንዛኒያ ሊደርስ ሲል ግን እንደዚያ ቅዳሜው ግንድ ለሁለት ይሆናል። ምሥራቃዊው ክንፍ በኬንያ በኩል ይወርዳል። ምዕራባዊው ከኡጋንዳ ጀምሮ በአልበርት፣ በኪቩና በታንጋኒካ ሐይቆች በኩል ዞሮ ወደ ማላዊ ያመራል። በመሃል የቀረው የታንዛኒያ ክራቶን ይባላል፤ ዕድሜው ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆነ አሮጌ ቁራጭ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ የተኛው በሁለቱ ክንፎች መሃል፣ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ሐይቆች አወዳድሯቸው። ታንጋኒካ ስንጥቁ ውስጥ ነው፤ ጥልቀቱ 1,470 ሜትር ይደርሳል። ቪክቶሪያ በስፋት ከአፍሪካ አንደኛ ሆኖ ሳለ፣ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ 80 ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ቁስል ነው፣ ሌላው ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ።

ያ ቁራጭ ወደ ታች የሚዘልቅ ወፍራም ሥር እንዳለው በምን ታወቀ? የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች በፍጥነት ስለሚያልፉበት ቀዝቃዛና ወፍራም እንደሆነ ይታያል። አልማዝም ይመሰክራል። ታንዛኒያ ውስጥ ሙዋዱይ የሚባል ቦታ አልማዝ ይወጣል። አልማዝ ደግሞ የሚፈጠረው 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ፣ ድንጋዩ ለጥልቀቱ ቀዝቀዝ ባለበት ነው። እንዲህ ያለ ሥር ያለውን ነገር ከመፍለጥ ዞሮ ማለፍ ይቀላል።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በምዕራባዊው ክንፍ ላይ ሩዌንዞሪ የሚባል ተራራ አለ። 5,109 ሜትር ነው፤ በረዶ አለው። እሳተ ገሞራ አይደለም። መሬት በሚለያይበት መሃል ወደ ላይ የወጣ የጥንት ድንጋይ ቁራጭ ነው። «ሲለያዩ ሸለቆ» ያሉን መምህራችን ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ።

የእህቴ ጥያቄ ግን ስለ ታንዛኒያ አልነበረም። ስለ እኛ ነው። ለምን እዚያ ብቻ?

ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ዘመን፣ ዛሬ ምሥራቅ አፍሪካ የምንለው ቦታ ላይ አህጉራት ተጋጭተው ነበር። ከዓረብ ምድር እስከ ሞዛምቢክ የሚዘልቅ ትልቅ የተራራ ሰንሰለት ቆመ። ተራሮቹ ታጥበው አለቁ። ሥራቸው ግን በወለጋና በጉጂ መሬት ላይ ይታያል፤ የአዶላ ወርቅ የሚገኘው በዚያ ዘመን ድንጋይ ውስጥ ነው። ተራራው ቢጠፋም ስፌቱ አልጠፋም። ኋላ ላይ መጎተቱ ሲመጣ፣ ስምጥ ሸለቆው በብዙ ቦታ እነዚያን አሮጌ ስፌቶች ነው የተከተለው። ለእህቴ በስልክ ስነግራት «ያረጀ ጂንስ ስፌቱ ላይ እንደሚተረተረው» አልኳት። «ጂንስ እኮ ጉልበቱ ላይ ነው የሚቀደደው» አለችኝ። እሷም ልክ ናት።

ስፌት ብቻም አይደለም። ከሥር ትኩስ ማንትል አለ፣ ቅላጭ ድንጋይ (ማግማ) አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢግል የተባለው ጥናት በስምጥ ሸለቋችን ላይ ፈንጂ እያፈነዳ ሞገዱን ሲለካ፣ ከወለሉ በታች በጠባብ መስመር የተሰገሰገ፣ ከቅላጭ የቀዘቀዘ ድንጋይ አገኘ። ቅላጩ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ልክ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ያለ እሱ ሊሰነጠቅ የማይችለውን ወፍራም ፕሌት በትንሽ ኃይል ይከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 አፋር፣ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በቅላጭ ተሞልቶ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከአፋር ወደ ደቡብ ያለው ስምጥ ሸለቋችን በተለመደው ጊዜ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሰፋው።

ጅማ ከሻላ ሐይቅ በቀጥታ መስመር ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር አትርቅም። እዚያ ይከፈታል፤ እኛ ትከሻው ላይ ተቀምጠናል። ጅማን መንቀጥቀጥ አይነካትም ማለቴ አይደለም። ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው ስፌቱና ሽብልቁ ባሉበት ነው።

ታዲያ የኛ ተራሮችስ? እኛ ከፍ ያልነው ተጋጭተን አይደለም። ከሥር ትኩስ ነገር አንስቶን፣ ከላይ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ላቫ እየተነባበረ ነው። በአንዳንድ ቦታ ክምሩ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በኦሞ ናዳ በኩል ያለው ማይጉዶም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ከዚያ ወንዝ ቆረጠው። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ጊቤ ሸለቆ ስትወርዱ፣ ጆሯችሁ ሲደፈን፣ በመስኮት በኩል የተደራረበውን ባዛልት፣ ከላቫ የቀዘቀዘውን ድንጋይ፣ ማየት ይቻላል። እኔ ያን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ሁልጊዜ ስንጥቅ ይመስለኝ ነበር። ውሃ የቆፈረው ነው። ሾፌሩ ኩርባው ላይ ሙዚቃውን ከፍ ሲያደርግ ግን ስለ ባዛልት ማሰብ ይከብዳል፤ እስከ ሰኮሩ ድረስ ጸሎት ነው።

በርጩማው ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ሽማግሌው ያን ጉጥ አልጣሉትም። መቀመጫው መሃል ላይ አስቀርተው ዙሪያውን ፈልፍለውታል፤ ሦስቱም እግሮች ከዚያው ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። «እንጨቱ ገና ነው፣ ፀሐይ ላይ እንዳታውለው» ብለው አስጠነቀቁኝ። እሺ ብዬ ወስጄ፣ በማግስቱ በረንዳ ላይ ረስቼው ዋልኩ። ማታ ሳስገባው ከጠርዙ የጀመረች እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አየሁ።

እህቴ መጣች። ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ በርጩማውን አቀረብኩላት። ከመቀመጧ በፊት ጎንበስ ብላ አየችው።

«ተሰንጥቆ ነው እንዴ የሸጡልህ?»

ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳርፋ ስንጥቋን ተከተለቻት። ጉጡ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ትንሽ ፈለገች፣ ዞራ በሌላኛው በኩል ዳሰሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ስኒ እያወጣሁ ነበር።